የከተማ ስም የወጣለት ቁስል



በሽታ በየአገሩ ስም ይወጣለታል። አንዳንዱ በምልክቱ፣ አንዳንዱም በሚያደርሰው ጉዳት ይጠራል። ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው የቆዳ ቁስል ግን በከተሞች ስም የተጠራ ነው። በሰሜን አፍጋኒስታን የበልኽ ቁስል፣ በሶሪያ የሐለብ ቁስል፣ በኢራቅ የባግዳድ ቁስል፣ በሕንድ የዴልሂ ቁስል፣ በአልጄሪያ የቢስክራ ቁስል፣ በቱኒዚያ የጋፍሳ ቁስል ተብሏል። እነዚህን ከተሞች በካርታ ላይ በመስመር ብታገናኟቸው፣ ጥንት ነጋዴዎች፣ የዕውቀት ፈላጊዎችና ሑጃጆች ይመላለሱባቸው ከነበሩት መንገዶች ብዙም የማይርቅ መስመር ታገኛላችሁ።

ቁስሉ በእኛም አገር አለ። በሰሜን ምዕራብ ቁንጭር፣ በወሎ ሻሂኝ፣ በትግራይ ጊዝዋ ይሉታል። ሐኪሞች ደግሞ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ብለው ሁሉንም በአንድ ስም ያጠቃልሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ ከ600 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በዚህ ቁስል አዲስ ይያዛል። ቁስሉ ነፍስ አያጠፋም፤ ጠባሳውን የሚተወው ግን ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ ነው። ፊት ላይ የቀረ ጠባሳ ደግሞ በሰው ኑሮ፣ በተለይም በሴት ልጅ ዕድል ላይ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ለመሆኑ አንድ ቁስል ይህን ያህል የከተማ ስም ያገኘው ለምንድን ነው? ጥያቄው ለታሪክ ወዳዶች ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በልጁ ጉንጭ ላይ የማይድን ቁስል ያየ ወላጅ፣ ልጁን ይደብቅ ወይስ ያሳይ? ሰው ይሽሽ ወይስ ገደል ይሽሽ? ለዚህ ሁሉ መልሱ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደኋላ ሄደን እንጀምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከበልኽ እስከ ሐለብ

ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና በ980 ቡኻራ አቅራቢያ ተወለደ፤ በ1037 ሐመዳን ውስጥ አረፈ። አባቱ ከበልኽ ወደ ቡኻራ አገር የመጣ ሰው ነበር። ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ-ጥ-ጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ፣ በዚያው በአባቱ አገር በበልኽ ስም ስለሚጠራው ቁስል ጽፏል። ይህ መጽሐፍ በሙስሊሙ ዓለምም ሆነ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ስላገለገለ፣ የበልኽ ቁስል ወሬ በልኽን ረግጠው ወደማያውቁ ሐኪሞች ሁሉ ደረሰ።

በዚያ ዘመን አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር አልነበረም። ሐኪሙ ማየት የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ቁስሉን፣ ሰውየውንና ሰውየው የመጣበትን አገር። ቁስሉ ከሌሎች ቁስሎች በመልክ ሊመሳሰል ይችላል። ሰውየውም ሀብታም ወይም ድኻ፣ ሕፃን ወይም አዋቂ ሊሆን ይችላል። የማይለዋወጠው ነገር አገሩ ነበር። በዚህም ምክንያት አገሩ የበሽታው ስም ሆነ።

ከኢብን ሲና ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አሌክሳንደር ራስል የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ወደ ሐለብ መጣ። በከተማይቱ የነበሩትን እንግሊዛውያን ነጋዴዎች እያከመ ከአሥር ዓመት በላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ በ1756 ስለ ሐለብ ተፈጥሮና ነዋሪዎች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሐለብ ቁስል በሰፊው ጻፈ። የከተማው ሰዎች ቁስሉን «ሐበት አስ-ሰና» ይሉት እንደነበርም መዝግቧል፤ የዓመት ቁስል ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ቁስሉ ሳይድን አንድ ዓመት ያህል ስለሚቆይ ነው። የሚደንቀው ነገር ከሐለብ እጅግ የሚርቁት አፍጋኖችም በራሳቸው ቋንቋ «ሳልዳና» ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው የዓመት ቁስል ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ተመካክረው ያወጡት ስም አይደለም። ሁለቱም ቁስሉን ተከታትለው ቀኑን ቆጥረውበታል።

የቁስሉ መንሥኤ ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም ነበር። በሐለብ በኩል ያለፉ ብዙ መንገደኞች በወንዙ ውሃ ያመካኙ ነበር። ባግዳድ የደረሱት ደግሞ ጠባሳውን በቴምር እየመሰሉ «የቴምር ምልክት» ብለው ጻፉ። ውሃውም ቴምሩም ጥፋት አልነበረባቸውም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር በትክክል አይተዋል፤ ቁስሉ ከአገሩ ጋር የተቆራኘ መሆኑን። ወደ አገሩ የሚገባ እንግዳ ይያዛል፤ ሩቅ ሆኖ የሚኖር ይተርፋል።

እናቶች ያወቁት ምሥጢር

ውድ አንባቢ፣ ስለዚህ በሽታ ከሁሉ የሚልቀውን ምሥጢር ቀድመው የደረሱበት ሐኪሞች አይደሉም፤ እናቶች ናቸው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ያንኑ ሰው ዳግመኛ የሚይዘው ከስንት አንዴ መሆኑን አስተዋሉ። ከዚህም ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አሰቡ፤ ይህ ቁስል ካልቀረ፣ ሰው በማያየው ቦታ ይውጣ።

በባግዳድና በሌሎችም የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች፣ ቁስል ካለበት ሰው ላይ ትንሽ ፈሳሽ በመርፌ ጫፍ ወስደው የልጁን ክንድ ወይም ጭን፣ ልብስ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ይወጉት ነበር። በአንዳንድ የበደዊንና የኩርድ ጎሣዎች ዘንድ ደግሞ የሕፃኑን መቀመጫ ገልጠው ለነፍሳት ንክሻ ያጋልጡት ነበር። ልጁ በዚያ ቦታ ይቆስላል፤ ይድናል፤ ፊቱ ግን ይተርፋል። በተለይ ለሴት ልጆች ይህን ያደርጉ የነበረው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የነዚህ እናቶች ስም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። ነገር ግን ሰውነት አንድ ጊዜ ያሸነፈውን ጠላት እንደማይረሳ፣ የሳይንስ መጻሕፍት ይህን ከማስረዳታቸው ከረጅም ዘመን በፊት አውቀውታል።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሳይንቲስቶች ይህንኑ ዘዴ ወስደው በመካከለኛው እስያ ሞከሩት። ኢራንም በ1980ዎቹ ከኢራቅ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿንና ተፈናቃዮቿን በዚህ መንገድ ከትባለች፤ የተከተቡት ሰዎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ውሎ አድሮ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ሆን ተብሎ የተፈጠረው ቁስል ለረጅም ጊዜ አልድን እያለ ስላስቸገረ፣ አሠራሩ በአብዛኛው ተተወ። ስለዚህ ይህን ያነሣነው ማንም በቤቱ እንዲሞክረው አይደለም። የእኛ አገሩ ዓይነት ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ መላ አካልን ሊያዳርስ የሚችል ስለሆነ፣ መሞከሩ ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ዝንቧ ተገኘች

በ1898 ቦሮቭስኪ የተባለ የሩሲያ ጦር ሐኪም በታሽከንት ከተማ ከቁስሉ የተወሰደ ናሙና መርምሮ፣ በውስጡ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ መኖሩን ዐወቀ። የጻፈው በሩሲያኛ፣ ያውም ለጦር ሐኪሞች በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለነበር የተቀረው ዓለም ለ40 ዓመታት ያህል አላወቀለትም። በ1903 ራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ከተማ በአንድ የአርመን ልጅ ቁስል ውስጥ ያንኑ ተውሳክ አገኘ። በዚያው ዓመት ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች ካላዛር በሚባለው የውስጥ ደዌ ውስጥ ዘመዱን ስላገኙት፣ የተውሳኩ ወገን በሌሽማን ስም ተጠራ።

ተውሳኩ ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል? የሚለው ጥያቄ ግን ገና ነበር። በ1921 ሰርዣን የተባሉ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በአልጄሪያ አንድ ሙከራ አደረጉ። ቁስሉ ከበዛባት ከቢስክራ ጥቃቅን ዝንቦችን አስይዘው ቁስሉ ወደሌለባት ወደ አልጀርስ አስመጡ፤ ዝንቦቹን ጨፍልቀው በፈቃደኛ ሰዎች በተጫረ ቆዳ ላይ ቀቡ። ቁስሉም ወጣ። በ1941 ደግሞ አድለርና በር የተባሉ ተመራማሪዎች በኢየሩሳሌም የዝንቧ ንክሻ ብቻውን ቁስሉን እንደሚያመጣ አረጋገጡ።

ይህች ዝንብ የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጸጉራም ናት፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ታቆማለች። እንደ ወባ ትንኝ ድምፅ አታሰማም። ከማታ እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ የምትናከሰውም ሴቷ ናት። ከሁሉም በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር፣ እንደ ወባ ትንኝ በረጋ ውሃ ውስጥ አለመራባቷ ነው። የምትራባው እርጥበት ባለው አፈር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በዋሻና በአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ደካማ በራሪ ስለሆነች ከተወለደችበት ብዙ አትርቅም። እንግዲህ ቁስሉ የከተማ ስም ያገኘበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ዝንቧ ከአገሯ አትርቅም።

ሦስት አገር፣ ሦስት ዓይነት ኑሮ

ሐኪሞች ይበልጥ በመረመሩ ቁጥር፣ አንድ ይመስል የነበረው ቁስል በአሮጌው ዓለም ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም የየራሳቸው አገርና ጠባይ አላቸው።

የመጀመሪያው የከተማ ቁስል ነው። የሐለብ፣ የባግዳድና የካቡል ቁስል በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ቁስሉ ደረቅ ሲሆን ለመዳን አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዝንቧ በቤቶች ግድግዳ ስንጥቅና በፍርስራሽ ውስጥ ትኖራለች፤ ተውሳኩን ከቆሰለው ሰው ወስዳ ወደ ሌላው ሰው ታደርሳለች። እዚህ ላይ የበሽታው ጎተራ ሰው ራሱ ነው።

ሁለተኛው የበረሃ ዳር ቁስል ነው። የቢስክራና የጋፍሳ፣ የቱርክሜኒስታን፣ እንዲሁም በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የአል-አሕሳ ቁስል ከዚህ ይመደባል። ቁስሉ እርጥብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይድናል። የተውሳኩ ጎተራ በጉድጓድ የሚኖሩ የበረሃ አይጦች መሆናቸውን ላቲሼቭና ክርዩኮቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1941 በቱርክሜኒስታን አሳይተዋል። ሰው በበረሃ ዳር እርሻ ሲከፍት፣ መንደር ሲሠራ ወይም ግድብ ሲገድብ ከአይጦቹ ጎረቤት ይሆናል። በቱኒዚያ የሲዲ ሳድ ግድብ ከተሠራ በኋላ በ1982 በቀይረዋን አካባቢ ወረርሽኝ የተነሣው በዚህ መንገድ ነው። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችንም ይህን ማወቅ ይገባቸዋል። የአገሩ ተወላጅ በልጅነቱ ቆስሎ ድኖ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የመጣው እንግዳ ግን ሰውነቱ ቁስሉን አያውቀውም።

ሦስተኛው የደጋ ቁስል ነው። ይህ የኢትዮጵያ ሲሆን በኬንያም በኤልጎን ተራራ አካባቢ ይገኛል። ስለ እርሱ በኋላ እንመለስበታለን።

ከተማው ሲሰደድ

ዝንቧ ከአገሯ ካልራቀች፣ ቁስሉስ እንዴት አገር ይለውጣል? መልሱ ሰው ነው። በጦርነት የፈረሰ ቤት ለዝንቧ መራቢያ ይሆናል፤ ቆሻሻ ሳይነሣ ይከማቻል፤ መድኃኒት የሚረጭ ይጠፋል። የተፈናቀለው ሰው ደግሞ ቁስሉን ይዞ ሌላ ዝንብ ወዳለበት ቦታ ይሄዳል። ካቡል ከረጅም ዓመታት ጦርነት በኋላ በ2000ዎቹ ውስጥ የዚህ ቁስል ትልቋ ማእከል ሆና ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዓመት ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንደሚያዝ ይገመት ነበር።

በሊባኖስም የሆነውን ተመልከቱ። ከ2000 እስከ 2012 በነበሩት ዓመታት በአገሪቱ በዓመት የሚመዘገበው ሕመምተኛ ከጣት ቁጥር የማይበልጥ ነበር። በ2013 ግን ከ1 ሺህ በላይ ተመዘገበ፤ ከነዚህም ውስጥ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ያህል ከሶሪያ የተሰደዱ ነበሩ። የሐለብ ቁስል ከሐለብ ሰዎች ጋር ተሰደደ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውንና አገራቸውን ካጡ በኋላ፣ በጠባሳቸው ምክንያት «በሽታ አምጪ» እየተባሉ ሊሸሹ የሚገባቸው አልነበሩም። ሰው ሰውን በመንካት ይህን ቁስል አያስተላልፍም። ዝንቧን በመከላከልና የቆሰለውን በማከም ግን የቁስሉ ጉዞ ይቆማል።

የእኛ ደጋ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ቁስሉ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1913 ነው። በሰፊው መጠናት የጀመረው ግን በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በእንዶድ ምርምራቸው ዓለም የሚያውቃቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደጋው ክፍል ያካሄዱትን ጥናት በ1969 አሳተሙ። ቀጥሎም አሽፎርድ የተባለ ተመራማሪ በ1970 የተውሳኩ ጎተራ ሽኮኮ መሆኑን ገለጸ። በ1973 ተውሳኩ ከሐለቡም ከቢስክራውም የተለየ መሆኑ ታውቆ በኢትዮጵያ ስም ተሰየመ። እነሆ፣ የከተማ ስም ተሸክሞ የኖረው ቁስል በእኛ ዘንድ የአገር ስም ያዘ።

ተመራማሪዎቹ ያዩዋቸው ቦታዎች በደሴ አጠገብ ኩታበር፣ በአዲስ አበባ አጠገብ ሰበታ፣ በወለጋ አለኩ፣ በአርባ ምንጭ በኩል ኦቾሎ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በስልጤ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ መንሥኤው ይኸው የደጋ ተውሳክ መሆኑ ተረጋገጠ። እነዚህ ቦታዎች በቋንቋም ሆነ በባሕል የተለያዩ ናቸው። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ ገደልና ሸለቆ። ሽኮኮ በዐለት ስንጥቅ ይኖራል፤ ዝንቧ በዚያው ስንጥቅና ዋሻ ትራባለች፤ ሰው ደግሞ በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆውን ይቀልሳል። የሚያገናኛቸውም ጨለማ ነው። ይህ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ነው። በሑመራና በመተማ ቆላ የሚገኘው ካላዛር ዘመዱ ቢሆንም፣ ተውሳኩም ዝንቧም ሌላ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ገደል ጥግ የሚኖረው ቤተሰብ ልጆቹ አንድ በአንድ ይቆስላሉ። ሜዳ ላይ የሚኖረው ጎረቤት ግን ደህና ነው። ነገሩን ያላወቀ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል? «በዘራቸው ያለ ነው» ይላል፤ «እርግማን ነው» ይላል፤ «ከነሱ ጋር አትጋቡ» ይላል። ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ተጠጋግተው በአንድ አፋፍ ላይ ስለሚኖሩ፣ የቦታው ጉዳይ የዘር ጉዳይ ይመስላል። የበልኽና የሐለብ ሰዎች ቁስሉን በአገር ሲጠሩት ከዚህ ስሕተት ድነዋል። ቁስሉን በሰው ዘር የሚጠራ ግን ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ አንደኛ ንጹሑን ሰው፣ ሁለተኛም ከገደሉ መራቅ እያለበት ከሰው የሚሸሸውን ራሱን።

በብዙ ቦታ ሰዎች ይህን ቁስል የሌሊት ወፍ አመጣችው ይላሉ። ይህንንም በንቀት አንለፈው። የሌሊት ወፍ ጥፋት የለባትም። ነገር ግን የምትኖረው በዋሻ ነው፤ የምትወጣውም በማታ ነው። ይህን ያሉት አባቶችና እናቶች ቦታውን አውቀዋል፤ ሰዓቱንም አውቀዋል። ያላዩት ከሌሊት ወፏ ጋር ከዚያው ዋሻ የምትወጣውን፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግረውን ዝንብ ብቻ ነው።

ሥጋ ደዌ አይደለም

ከዚህ በሽታ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ምዕራፍ የሚከተለው ነው። የደጋው ቁስል በአብዛኛው ሰው ላይ በአንድ ቦታ ወጥቶ ይቀራል፤ ምንም እንኳ ከሌሎቹ ይበልጥ ቢዘገይና ለመዳን ዓመታት ቢፈጅበትም። በአንዳንዱ ሰው ላይ የአፍንጫንና የከንፈርን ውስጥ ያጠቃል። በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ሰውነት መከላከል ስለሚያቅተው በመላ ፊትና አካል ላይ እየተበተነ ያብጣል፤ ይህኛው ካልታከመ በራሱ አይድንም። መልኩም ከሥጋ ደዌ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ይህ የተበተነ ዓይነት በኢትዮጵያ መኖሩ በ1960 ተጻፈ፤ ብራይሰን የተባለ ሐኪምም በ1969 በሰፊው አጠናው። ከመልኩ የተነሣ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ተቆጥረው፣ ከነርሱ ጋር አብረው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እስኪ አስቡት፤ ሰውየው በሌለው በሽታ ስም ከቤቱ ይወጣል፤ በሌለው በሽታ መድኃኒት ይታከማል፤ ስለማይድንም ተስፋ የሌለው ተብሎ ይቆጠራል። ሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑንና የሥጋ ደዌ ሕሙማንም መገለል እንደማይገባቸው ሳንዘነጋ፣ በዚህ ሰው ላይ የደረሰው በደል ግን ድርብ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ውድ ወላጆች! ይህ ሁሉ ታሪክ በቤታችን ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ በልጃችሁ ፊት፣ እጅ ወይም እግር ላይ ብዙ የማያም፣ ነገር ግን ከሳምንታት በላይ ሳይድን የቆየ እብጠት ወይም ቁስል ብታዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪሙ ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ፍቆ ይመረምራል። የምትኖሩበትን ቦታም ንገሩት፤ በአቅራቢያችሁ ገደል፣ ዋሻ ወይም ሽኮኮ ካለ አትደብቁ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት እንደነበረው ሁሉ፣ ዛሬም አገሩን መናገር የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ ቁስሉን በጋለ ብረት አትተኩሱት፤ የሚያቃጥል ነገርም አትቀቡት። ቁስሉ የሚተወውን ጠባሳ መተኮሱ ያብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ሕክምናው አለ፤ በቅዝቃዜ ማድረቅ፣ ቁስሉ ላይ በመርፌ መውጋት፣ ከበድ ሲል ደግሞ ለሳምንታት የሚወሰድ መርፌ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ እንዲሁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ ያክማሉ። ሕክምናው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቁስሉ የተሻለው ሲመስል ማቋረጥ አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመምተኛ መድኃኒት እንዲፈልግ ማዘዛቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቁስሉን አፍሮ መደበቅ ከዚህ ትእዛዝ ጋር አይሄድም።

ሦስተኛ፣ ቤት ስትሠሩ ከገደል አፋፍና ከሽኮኮ መኖሪያ ራቅ በሉ። ይህ ካልተቻለ የግድግዳውን ስንጥቅ ድፈኑ፤ ልጆች ከመሸ በኋላ በዋሻና በገደል ጥግ እንዳይቆዩ ተቆጣጠሩ። በመኝታም ጊዜ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ተጠቀሙ። ዝንቧ ከወባ ትንኝ እጅግ ስለምታንስ ቀዳዳው ጠበብ ያለ አጎበር ይመረጣል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ቁስል ያለበትን ሰው አትሽሹት። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ቦታ ውዱእ በማድረግ፣ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ በመስገድ አይተላለፍም። ጠባሳው የዳነ ቁስል ምልክት ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነገርም የለውም። በጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ለኒካሕ ስትታሰብ «በዘሯ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢኖር፣ ሊጠየቅ የሚገባው «ያደገችው የት ነው?» ተብሎ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። መልሱም «ገደል ጥግ ነው» ከሆነ፣ ነገሩ በዚያ አለቀ።

በየመስጊዱ የምታስተምሩ ኢማሞችና ኡስታዞች፣ በተለይ በወሎና በስልጤ ሸለቆዎች አካባቢ ያላችሁ፣ ይህን ለጀመዓችሁ ብትነግሩ ብዙ ልጆች ከመደበቅ ይድናሉ። ሕዝቡ ከናንተ የሰማውን ያምናል። አንዲት እናት ልጇን ነጠላ አከናንባ ከምትደብቅ ይልቅ፣ ፊቱን ገልጣ ወደ ጤና ጣቢያ ብትወስደው፣ ቁስሉ ሳይሰፋ ይያዛል፤ ጠባሳውም ትንሽ ሆኖ ይቀራል።